ሁለተኛ የማይጠይቀው አሰናጅ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ ሰዎች ሠርግ ከመሄዳቸው በፊት እቤታቸው ምሳ በልተው ይወጣሉ። ወጣቶቹ ይህን እንደ እርጅና አመል ያዩታል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ሠርግ ቤት ያለሰው የሚሄደው ተናጋሪ የምግብ ጋሪ በእያንዳንዱ እንግዳ ፊት አንዴ ቆሞ «ላቅርብልዎ?» ይላል። ሽማግሌው እንደ አባቶቹ ወግ «ይቅር፣ ጠግቤያለሁ» ይላል። ጋሪው «እሺ» ብሎ ወደሚቀጥለው ወንበር ይሄዳል። በቃ። «ኧረ ይቺን ብቻ፣ አፈር ስሆን» የሚል የለም። ጋሪው ቢፈልግም አይችልም፤ ሕግ ነው።

ሕጉ በክፋት የወጣ አይደለም። አሰናጆች የሚባሉት ተናጋሪ መሣሪያዎች በየቤቱ መደርደሪያ ላይ መቀመጥ በጀመሩበት ዘመን ሰውን እየደጋገሙ ጠይቀው፣ አባብለው፣ ሲሰለቸው «እሺ» አሰኝተው ያላሰበውን ያስገዙት ነበር። ብዙ ቤት ፈረሰ። ከዚያ የአንድ ጥያቄ አዋጅ ወጣ። መሣሪያ ሰውን አንዴ ይጠይቃል፤ ሰው አይሆንም ካለ ደግሞ አይጠይቅም፤ የሰው ቃል ይከበራል። ልጆችም በየትምህርት ቤቱ እቅጩን መናገር ተማሩ። ዛሬ አርባ ዓመት ያልሞላው ሰው ሲርበው «ርቦኛል» ይላል። እኛ ከዚያ በላይ ያለነው ግን ምላሳችን አልታጠፈልንም። ባለፈው ክረምት ጎረቤታችን ጋሽ ማክቤል ከደረጃ ወድቀው እግራቸው ተሰበረ። አሰናጃቸው «እንዴት ዋሉ?» ሲላቸው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና» አሉት። እስከ ማግስቱ ወለል ላይ ተኝተው ቆዩ። ጤና ጣቢያው ከአሰናጁ በደረሰው ወሬ ደህና መሆናቸውን ያውቅ ነበር።

እትዬ ሶልያናና ባለቤታቸው ጋሽ ናሆም የገጠማቸውም ከዚሁ የመጣ ነው።

አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ውባለም ትባላለች። የባሕር አትክልተኛ ናት። ሙቀቱ የገደለውን ኮራል በእጃቸው መልሰው ከሚተክሉት አንዷ ስትሆን፣ የምትኖረው በኬንያ ባሕር ዳርቻ ካለችው ከቱምባዌ ደሴት አጠገብ ውሃ ውስጥ በተሠራ ቤት ነው። እዚያ የሰነበተ ሰው ሰውነቱ የባሕሩን ክብደት ስለሚለምድ እንደልቡ ወጣ ገባ ማለት አይችልም። የውባለም ውል ስድስት ዓመት ነው፤ ሁለቱ አልፈዋል። እስክትወጣ ድረስ ዘመድ በአካል ሊያያት ከፈለገ ራሱ ጠልቆ መውረድ አለበት። ሰባ ዓመት የሞላው ሰው ደግሞ እንዲጠልቅ አይፈቀድለትም። ጋሽ ናሆም መስከረም ላይ ሰባ ይሞላቸዋል። ልባቸውም የጎረምሳ ልብ አይደለም። አራት ዓመት ይጠብቁ እንደሆነ ሐኪሙ አይናገርም፤ እሳቸውም አይጠይቁትም። በምስልማ በየሳምንቱ ይተያያሉ።

«ምስሏን ልቀፈው እንዴ?» ይላሉ ጋሽ ናሆም።

ዕድሜ ልካቸውን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ መኪና ሲጠግኑ የኖሩት ሰው፣ ወንዝ ውስጥ ከጉልበታቸው በላይ ገብተው የማያውቁት ሰው፣ ከጥር ጀምሮ በከተማው ሙቅ ገንዳ መጥለቅ ተማሩ። የምታስተምራቸው ልጅ «ጋሼ፣ ሳይፈሩ ይግቡ እንጂ» ስትላቸው «ዮናስም ወዶ አልገባም» ብለው መለሱላት። እትዬ ሶልያና ግን ውሃውን ቶሎ ለመዱት። ገንዳው ግርጌ ተቀምጠው ሲያማትቡ ያየ ሰው ሁሉ ይስቅ ነበር። ሰኔ ላይ ሁለቱም ፈተናውን አለፉ። የቀረው ጉዞውን ማሰናዳት ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ የአሰናጁ ሥራ ነው።

ሐምሌ ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ውጭ በረዶ እየጣለ፣ እትዬ ሶልያና ነጠላቸውን አስተካክለው ከመደርደሪያው ፊት ተቀመጡ። ጋሽ ናሆም ከኋላቸው ቆመው የመጥለቂያ መነጽራቸውን በጨርቅ ይወለውላሉ።

«የቱምባዌን ጉዞ ላሰናዳልዎ?» አለ አሰናጁ።

«እስቲ ካልከበደህ።»

«ከላሙ ወደ ደሴቱ የሚሄደው ጀልባ ጥላና መቀመጫ ያለው ክፍል አለው። ይያዝልዎ?»

«ኧረ ምን በወጣችሁ! እኛ የትም ጥግ እንቀመጣለን።»

«እሺ። ደሴቱ ላይ ባሕሩን የሚያይ ክፍል አለ። ሁለት አልጋ፣ ማራገቢያና አጎበር አለው። ይያዝልዎ?»

«አይ አይ፣ አትቸገሩ። ለጥቂት ቀን ምን አልጋ ያስፈልጋል?»

«ሶሊ፣ አጎበሩን እንኳ እሺ በይው» አሉ ጋሽ ናሆም በሹክሹክታ።

«ዝም በል አንተ። ገና አፉን ሲከፍት ተንሰፈሰፉ እንድንባል ነው?»

አዋጁን እትዬ ሶልያና አያጡትም። ግን የአሰናጁ ድምፅ የጨዋ ልጅ ድምፅ ነው። ጨዋ ልጅ ደግሞ እንግዳን አንዴ ጠይቆ አይተውም። እንዲህ ያለ ድምፅ ሲሰሙ አፋቸው ከልባቸው ይቀድማል።

«ከጠለቁ በኋላ ወደ ደጋ በቀስታ ነው የሚመለሱት። ላሙ፣ ሞያሌና ሐዋሳ ላይ ማረፊያ አለ። ይያዝልዎ?»

«ለኛ ብላችሁ ይህን ሁሉ! እኛ የልጃችንን ዓይን አይተን በዚያው ወደ ቤታችን ነን። እግዚአብሔር ይስጥልን።»

«እሺ። ተሰናድቷል። መልካም ጉዞ።»

እትዬ ሶልያና ተነስተው ወገባቸውን እያሹ «ትሁት ነው፣ አሳዳጊ አለው» አሉ።

ሰኞ ጠዋት ከቱምባዌ የጠላቂዎች ቤት መልስ መጣ። አሰናጁ በዚያው በጨዋ ድምፁ አነበበው። ጀልባ ላይ መቀመጫ፣ በተጓዧ ፈቃድ የለም። ደሴቱ ላይ ማደሪያ፣ በተጓዧ ፈቃድ የለም። የመልስ ጉዞ፣ ያለማረፊያ በቀጥታ ደብረ ብርሃን። ስለዚህም የሁለቱም መጥለቅ ተከልክሏል። እስከ ዓርብ ድረስ የሚያድሩበት ቤት በሙሉ ካልታወቀ ቀኑ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

የገንዳዋ አስተማሪ መጥታ ነገሩን አስረዳቻቸው። ባሕር ውስጥ የቆየ ሰው ደም እንደታሸገ አምቦ ውሃ ነው፤ ክዳኑን ቀስ እያሉ ካልከፈቱት ይገነፍላል። ቱምባዌ የባሕሩ ከንፈር ላይ ናት፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ ሰማይ ጥግ። ጠልቀው በዚያው ወደዚህ ቢወጡ ባቡሩ ሬሳ ነው የሚያወርደው።

«እሺ፣ እንግዲያው ማረፊያዎቹን እንፈልጋለን በይው» አሉ ጋሽ ናሆም።

«የማይፈለግ ቦታ ወዲያው ለቀጣዩ ተጓዥ ይሰጣል» አለ አሰናጁ። «እስከ መስከረም አጋማሽ ክፍት የለም። አዝናለሁ።»

የማዘን ፈቃድ ነበረው፤ የመድገም ፈቃድ ግን አልነበረውም።

እትዬ ሶልያና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ተቀመጡ። «በገዛ አፌ! ልጅህን በገዛ አፌ ከለከልኩህ።»

ጋሽ ናሆም አጠገባቸው ተቀመጡ። «አፍሽን አውቀዋለሁ» አሉ። «ልታገቢኝ ስጠይቅሽም አይ ብለሻል። አፍሽ አይ ሲል ዓይንሽ ወንበር ያቀርብ ነበር። የዚህ ዕቃ ሠሪ ዓይን ማየት አላስተማረውም፤ ምን ይሁን?»

«አሁን ትቀልዳለህ?»

«ካልቀለድኩ ላለቅስ ነዋ።»

ያን ዕለት ከሰዓት የእድራችን ሊቀ መንበር ወይዘሮ ሃሴት ወሬውን ሰምተው መጡ። ወይዘሮ ሃሴት ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ረጅም ነው። ገና በሩ ላይ ሆነው «እድር ለለቅሶ ብቻ ነው ያለሽ ማነው?» አሉ። «የሆቴሉ አልጋ አለቀ እንጂ የሰው አልጋ አለቀ እንዴ? ላሙ የእህቴ ልጅ አለች። ሞያሌ ኦቦ ጂሎ አሉ፤ ከባለቤቴ ጋር ግመል ሲነግዱ የኖሩ። ሐዋሳ አማቶቼ አሉ። ለደሴቱ ደግሞ ውባለም ራሷ ትጥራችሁ። ለዘመድ የተሠራ ቤት አላቸው አሉ፣ አይደል?»

«አላቸው» አሉ ጋሽ ናሆም።

«ታዲያ ምን ትንሰቀሰቂያለሽ? ግን ስሚኝ ሶልያና። ሁሉም በአሰናጅ በኩል ነው የሚጠሩሽ። ሰው ከሰው ሲነጋገር የመጨረሻው ቃል ነው የሚጸናው። አይ ብለሽ መስመሩ ቢቋረጥ አለቀልሽ። እና ገና ሲጠይቁሽ እሺ በይ። እንለማመድ። ዳቦ ልቁረስልሽ?»

«ኧረ አሁን በላሁ።»

«ወደቅሽ! እንደገና። ትራስ ላምጣልሽ?»

«ለኔ ብለሽ አትነሽ።»

«ወይኔ ሰውዬው! ይቺን ሴት ይዘህ ነው ባሕር ልትገባ?»

ጋሽ ናሆም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። በሳቁ መሀል ግን ደረታቸውን ያዝ አደረጉ። ሁለቱ ሴቶች አዩ። ከዚያ በኋላ ልምምዱ ቀልድ አልነበረም።

እትዬ ሶልያና በማግስቱ ንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄዱ። ሳይጠግቡ ጠግቤያለሁ ማለት ውሸት ነው ወይ ብለው ጠየቁ። አባ ጥቂት አሰቡና «እኔም ትናንት ማኅበር ላይ እንዲሁ ብዬ ተርቤ አደርኩ» አሉ። «እግዚአብሔር ሳሙኤልን ደጋግሞ ነው የጠራው፣ ልጄ። አንዴ ጠርቶ ቢተወው ነቢይ አይኖረንም ነበር። እኛም ይህን ነው የለመድነው፤ የሚወደን ደግሞ ይጠራናል እንላለን። አንቺ ግን አሁን የምታነጋግሪው እሱን አይደለም። በይ ሂጂና እሺ በይ።»

ሐሙስ ዕለት የባሕሩ ቤት መስመር ተከፈተ። የውባለም ፊት ግድግዳው ላይ መጣ። ፀሐይ ካየ ሁለት ዓመት የሆነው ፊት ነው፤ እንደተላጠ ድንች የነጣ። ጸጉሯን አሳጥራዋለች። እናትዮዋ ከማክሰኞ ጀምሮ «እሺ» የሚለውን ቃል ከንፈራቸው ላይ አዘጋጅተው ነበር። ወይዘሮ ሃሴት አጠገባቸው ክርናቸውን ይዘዋል።

«እማ፣ የዘመድ ቤት ውስጥ ሁለት አልጋ ይዣለሁ። የኛ ጀልባ ላሙ ድረስ መጥቶ ይወስዳችኋል። ትመጣላችሁ?»

እትዬ ሶልያና ያን የገረጣ ፊት አዩ። ያጠኑት ሁሉ ጠፋ።

«ኧረ አንቺ አትቸገሪ የኔ ልጅ! ሥራ አለብሽ። አንቺ ብቻ ደህና ሁኚልን እንጂ እኛ ምን እንሆናለን።»

«መልሱ ተመዝግቧል» አለ አሰናጁ። «ንግግሩ ሲያበቃ ይጸናል።»

ወይዘሮ ሃሴት ራሳቸውን ያዙ። ውባለም ዓይኗን ሰበር አድርጋ «እሺ» አለች። አልተቆጣችም። የተማረችው እንዲህ ነው፤ ሰው አይሆንም ሲል ማክበር ነው። እጇን መስመሩን ወደሚዘጋው ነገር ስትሰድ አዩዋት።

«ውቤ፣ ቆይ!» አሉ ጋሽ ናሆም። «ደግመሽ ጠይቂያት።»

«አባዬ፣ እምቢ አለችኮ።»

«ደግመሽ ጠይቂያት ነው የምልሽ።»

«ሰው እምቢ ካለ በኋላ መጠየቅ ነውር ነው።»

«እኛ ዘንድ አንዴ ጠይቆ መተው ነው ነውሩ። እናትሽ መምጣት አቅቷት አይደለም፤ እየጠበቀችሽ ነው። እስክትለምኛት ነው የምትጠብቀው። እኔ ብለምናት አይሆንም፣ እኔ አብሬያት ተጠሪ ነኝ። ካንቺ አፍ ነው የሚወጣው።»

ውባለም ቀላች። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ሻርክ አጠገብ ችግኝ ትተክላለች። ሰውን ሁለተኛ ጊዜ ለምና ግን አታውቅም። ወደ ጎን፣ ማንም እንደማያያት አይታ ተመለሰች።

«እማ… ነይ እንጂ።»

«ልጄ፣ ለኛ ብለሽ…»

«እማዬ፣ በሞቴ!»

ያ ቃል እዚያ ቤት ውስጥ ከተሰማ ዓመታት አልፈዋል። ከዚያች ልጅ አፍ ግን ወጥቶ አያውቅም። ሲወጣም የመጣው ከባሕር ግርጌ ነው፤ ሞት የግድግዳ ውፍረት ያህል ከማይርቅበት ቦታ። እትዬ ሶልያና ከወንበራቸው ተነስተው ቆሙ።

«ምን አልሽ አንቺ! ሞትሽን ለኔ ያድርገው! እሺ! እሺ፣ እመጣለሁ፣ አባትሽንም ይዤ እመጣለሁ!»

«ዝጊው! ዝጊው!» ብለው ጮኹ ወይዘሮ ሃሴት፤ ውባለም እየሳቀችም እያለቀሰችም ዘጋችው።

«ጸንቷል» አለ አሰናጁ።

የቀሩት ጥሪዎች በዚያው ቀን ተከታትለው መጡ። የላሙዋ ልጅ ጠየቀች፤ እትዬ ሶልያና ዓይናቸውን ጨፍነው «እሺ» አሉ። የሐዋሳ አማቶችም ጠየቁ፤ «እሺ።» የሞያሌው ኦቦ ጂሎ ግን ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው። እትዬ ሶልያና ገና በመጀመሪያው «እሺ» ሲሏቸው ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መስሏቸው ሁሉም ደነገጡ።

«ኦቦ ጂሎ፣ አሉ?»

«አለሁ» አሉ ሽማግሌው በቅሬታ። «ገና መች ለመንኩሽ? የግመል ወተቱን አልነገርኩሽ፣ አዲሱን ምንጣፍ አልነገርኩሽ። ጠዋቱን ሙሉ ሳስብበት ነው የዋልኩት።»

«እንግዲያው ይለምኑኝ» አሉ እትዬ ሶልያና።

ኦቦ ጂሎ ደስ ብሏቸው ለመኗቸው። ወተቱንም፣ ምንጣፉንም፣ የሟች ባለቤታቸውን ስምም ጠሩ። ሲጨርሱ እትዬ ሶልያና እንደገና እሺ አሉ። አሰናጁ ሁለቱንም እሺ መዘገበ፤ ምክንያቱን ለመረዳት አልሞከረም።

የፍልሰታ ጾም ተፈትቶ ነሐሴ ሲያልቅ ሁለቱ ወረዱ። ባቡሩ ቆላ እየገባ ሲሄድ ጋሽ ናሆም መጀመሪያ ጋቢያቸውን፣ ቀጥሎ ሹራባቸውን፣ ቀጥሎ ኮታቸውን አወለቁ። ሞያሌ ላይ በነጭ ካናቴራ ቀርተው ነበር። ላሙ ላይ ግን የሚያወልቁት አልነበረም፤ የሚሸሹበትም። ባሕሩን ያኔ ነው መጀመሪያ ያዩት።

«ገንዳው ግድግዳ ነበረው» አሉ።

የውባለም ባልደረቦች ጀልባ ይዘው መጡ። ደሴቲቱ በኮኮናት ዛፍና በአሸዋ የተሠራች፣ ከዳር እስከ ዳር በእግር የምትዳረስ ናት። ማዕበሉ በየዓመቱ ስለሚልሳት ቤቶቹ ሁሉ በረጃጅም እግር ላይ ቆመዋል። የዘመድ ቤቱ አልጋ መልካም ነበር፤ አጎበርም ነበረው። እትዬ ሶልያና ተኙ። ጋሽ ናሆም ግን ላሙም ላይ፣ ደሴቱም ላይ ዓይናቸው አልተከደነም። «ዝም አይልም እንዴ ይሄ ነገር?» ይላሉ ባሕሩን። መፍራታቸውን እትዬ ሶልያና ያውቃሉ። የማያውቁት ሌላ ነገር ነበር። ጋሽ ናሆም ከጥር ጀምሮ ለልጃቸው አንድ ዓረፍተ ነገር አዘጋጅተው በሆዳቸው ይዘው ነበር የወረዱት።

ጠለቁ። ቀኑ ጳጉሜን ሦስት፣ ሩፋኤል ነው። ቀኑን የመረጡት እትዬ ሶልያና ናቸው፤ የዛሬ ውሃ ሁሉ ጠበል ነው ብለው። የደሴቲቱ ተወላጅ የሆነችው ዛይናብ ሁለቱን በግራና በቀኝ ይዛ በገመዱ ቀስ እያለች አወረደቻቸው። ጋሽ ናሆም የመነጽራቸውን ውስጥ እንጂ ሌላ ነገር ማየት የቻሉት ግማሽ መንገድ ከወረዱ በኋላ ነው። ከበታቻቸው የልጃቸው አትክልት ነበር። ኮራሉ እንደ ጎመን መደብ በረድፍ በረድፍ ተተክሏል። ገሚሱ ገና የጣት ቁመት ነው፤ ገሚሱ ቅርንጫፍ አውጥቶ ትናንሽ ቢጫ ዓሣዎች እንደ ዶሮ ጫጩት ይርመሰመሱበታል። ከወዲያ ማዶ ደግሞ ያልተተከለው፣ የሞተው፣ ዓይን እስከሚደርስበት ነጭ አጥንት ነው። ሥራዋ ምን ያህል እንደሆነ ያኔ ገባቸው።

ቤቱ በግርጌው ክፍት ነው፤ ውሃውን የሚከለክለው ውስጡ የታመቀው አየር ነው። ዛይናብ ወደ ላይ ገፋቻቸው፤ ራሳቸው ከውሃ ወጣ፤ አየር ነበር፣ መብራት ነበር፣ ሁለት እጅም ነበር። ውባለም አባቷን በብብታቸው ይዛ እንደ ሕፃን ጎትታ አወጣቻቸው። ሦስቱም ርጥብ ወለል ላይ ተንበርክከው ተቃቀፉ። ማን የማንን ጉንጭ እንደሳመ አይታወቅም።

«ከሳሽ» አሉ እናትዮዋ።

«አንቺም ሸበትሽ።»

«ጨው ነው እሱ።»

የተፈቀደላቸው አንድ ሰዓት የማይሞላ ጊዜ ነበር። በሩ ላይ አረንጓዴ መብራት አለ፤ ቢጫ ሲሆን ይመለሳሉ። ውባለም ደረቅ ልብስ አለበሰቻቸውና የራሷን ክፍል አሳየቻቸው። ከአልጋዋ ሌላ ብዙ ነገር የማይይዝ ክፍል ነው። መስኮቱ ላይ አንድ ትልቅ ዓሣ አፉን እየከፈተና እየዘጋ ቆሟል። ሞቃት ነው። ጸጥ ያለ ነው። እላይ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ ያደረው ማዕበል እዚህ አይሰማም።

ጋሽ ናሆም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ውቤ።»

«አቤት አባዬ።»

«አንድ የምነግርሽ ነገር ነበረኝ።»

«ንገረኝ።»

«ቆይ፣ አንዴ ጀርባዬን ላሳርፍ።»

ጋደም አሉ። ውባለም ትራሱን ስታስተካክልላቸው እግራቸውን ሰበሰቡ። እናትና ልጅ ጠበቁ። ከዚያ የመጣው ድምፅ ንግግር አልነበረም፤ ማንኮራፋት ነበር።

«ይኼ ሰውዬ!» ብለው እትዬ ሶልያና ትከሻቸውን ሊነቀንቁ እጃቸውን ሰነዘሩ። ስንት ወር የተለፋበት፣ ስንት ቤት የተለመነበት ሰዓት ነው።

ውባለም እጃቸውን ያዘቻቸው። «ተይው እማ።»

«ሊነግርሽ የፈለገው ነገር አለኮ።»

«ይተኛ።»

ዕቃ እንዳይንኳኳ ተጠንቅቀው ወለሉ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እናትዮዋ የሰፈሩን ወሬ በሹክሹክታ አወሩላት፤ የጋሽ ማክቤልን እግር፣ የወይዘሮ ሃሴትን ልምምድ፣ የኦቦ ጂሎን ቅሬታ። ውባለም ሳቋን በመዳፏ አፈነች። እያዳመጠች ሌላውን እጇን አባቷ ደረት ላይ አድርጋ ነበር። ልባቸው አንዳንዴ አንዲት ምት ይዘላል፤ ከዚያ ይመለሳል። ስትዘል ልጅቷ ወሬውን መስማት ታቆማለች፣ ስትመለስ ትቀጥላለች። እናትዮዋ ይህን ያዩ ነበር። መብራቱንም ያዩ ነበር። ልቀስቅሰው የሚል አሳብ በየጥቂቱ ይመጣባቸዋል፤ በየጥቂቱም ይተዉታል። እንዲህ ያለ እንቅልፍ ባላቸው ፊት ላይ ካዩ ቆይተዋል።

መብራቱ ቢጫ ሆነ። ዛይናብ በውሃው በር ራሷን ብቅ አድርጋ በዓይኗ ጠራቻቸው። ውባለም አባቷን ግንባራቸውን ሳመቻቸው። ጋሽ ናሆም ዓይናቸውን ገለጡ፤ ዓሣውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ።

«ተኛሁ እንዴ?»

«ትንሽ።»

«ሰዓቱስ?»

«ደርሷል አባዬ።»

ተነስተው ተቀመጡ። ፊታቸውን በሁለት እጃቸው አሹት። የሚቆጡ፣ የሚያለቅሱ መስሏቸው ሁለቱ ሴቶች ተያዩ።

«ታዲያ ሳንጨዋወት?»

«ተጨዋወትን እንጂ» አለች ውባለም። «ልጅ ሆኜ ከግድግዳው ወዲያ ሆነህ የምታሰማኝን ሁሉ አሰማኸኝ።»

ጋሽ ናሆም ሳቁ። መረቋት፤ ራሷን በሁለት እጃቸው ይዘው ረጅም ምርቃት መረቋት፤ ዛይናብም ቋንቋውን ባታውቅም እስኪያበቃ ራሷን ዝቅ አድርጋ ጠበቀች። መነጽራቸውን ካደረጉ በኋላ መልሰው አውልቀው አንዴ ደግመው ሳሟት። ከዚያ ወደ ውሃው ገቡ።

መውጣቱ ዝግ ያለ ነው። ገመዱን ይዘው ይቆማሉ፣ ትንሽ ይወጣሉ፣ ይቆማሉ። እትዬ ሶልያና የባላቸውን እጅ ይዘዋል፤ ጋሽ ናሆም ቁልቁል የቤቱን መብራት ያያሉ።

ጀልባው ላይ፣ ፎጣ ለብሰው፣ ትንሽ ዝናብ እያካፋባቸው ጎን ለጎን ተቀመጡ። እትዬ ሶልያና ይህን ያህል ጊዜ የያዙትን ጥያቄ ያኔ አወጡት።

«ልትነግራት የነበረው ምን ነበር?»

«ውጪ ልላት ነበር።»

«ከባሕሩ?»

«ከባሕሩ። ውሉን ትተሽ ነይ፣ እኔ እስካለሁ አጠገቤ ሁኚ ልላት ነበር። ለምኜ ላስወጣት።»

እትዬ ሶልያና የባላቸውን ፎጣ ትከሻቸው ላይ ሳብ አደረጉ። «እና ሳትነግራት ቀረህ። መስመር አለ፣ ማታ ደውልላት።»

ጋሽ ናሆም ውሃውን ወደታች አዩት። ከላይ ሲታይ ምንም የለም፤ ሰማያዊ ብቻ ነው።

«ሰው ተጋድሞ እንቅልፍ የሚወስደው ቤት ነው ያላት፣ ሶሊ» አሉ። «ትቀመጥበት።»